ለኤሌኒ የሚነገረው

ኅዳር 6

ዛሬ ሠላሳ ስድስት በሽተኛ አየሁ። ጉንፋን፣ ቁርጥማት፣ የሕፃን ተቅማጥ... የጉና ብርድ ጤና ጣቢያው ድረስ ወርዶ ጣቴ እስክሪብቶ አልይዝ ብሎኛል።

ከሰዓት ዝናሽ መጣች። የደብራችን ልጅ ናት፤ እናቷ የእናቴ ጎረቤት። ባሏ ማሩ አብሯት ገባ። ክንዷ አብጧል። ምን ሆነሽ? «በቅሎ ረግጣኝ።» የማን በቅሎ? እነማሩ በቅሎ የላቸውም። ባሏ ፊት ምን እላታለሁ... ማስታገሻ ጻፍሁና ክንዷ እንዲታሰር ወደ ነርሷ ወደ ኤሌኒ ክፍል ሰደድኋት። ግማሽ ሰዓት ቆየች። ኤሌኒ «የሴት ምርመራ ነው፣ ወንድ አይገባም» ብላ ማሩን ደጅ አስቀርታዋለች። ዝናሽ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን ቀለል ብሎት ነበር።

ለኔ በቅሎ። ለኤሌኒ እውነቱ።

ኅዳር 8

ቀናሁ። ከማን እደብቃለሁ?

ኤሌኒ የደብረ ታቦር ከተማ ልጅ ናት። አራት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ፣ ተመልሳ ነርስነት ተምራ፣ እኛ ጋ ከመጣች ገና ዓመት ከመንፈቅ። የገብስና የስንዴ ማሳ አትለይም። እኔ ዐሥራ አራት ዓመት! የነዚህን ሴቶች ልጆች ያዋለድሁ እኔ... የሆዳቸውን የሚያወጡት ለሷ። ምን ታቀምሳቸዋለች?

ኅዳር 12

ሚካኤል። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን፣ እኔ ተረኛ። ዝናሽ ብቻዋን ብቅ አለች፣ በነጠላዋ እስከ አፏ ተከናንባ።

«ያችኛዋ ሲስተር አለች?»

ያችኛዋ...

«የለችም» አልኋት። ኤሌኒ ከጀርባ ክፍል መድኃኒት ትቆጥር ነበር። «እኔ አለሁ፣ ምን ልርዳሽ?» «አይ... እመለሳለሁ።» ሄደች።

ደስ አለኝ? ትንሽ። ክፉ ነኝ።

ኅዳር 20

ማሩ ይዟት መጣ። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ አንድ ጥርሷ የለም። «ከቆጥ ወድቃ ነው» አለ እሱ ቀድሞ። ኤሌኒ ለስብሰባ ከተማ ወርዳለች። ቃሏን ሰረቅሁ፦ «የሴት ምርመራ ነው፣ ወንድ አይገባም።» አራት ቦታ ሰፋኋት።

ስሰፋት ነገረችኝ፦ ሚካኤል ዕለት የመጣችው እብናት ላለው ወንድሟ፣ ለይርጋ፣ ኤሌኒ እንድትደውልላት ነበር። መጥቶ እንዲወስዳት። መርፌውን እንደያዝሁ ቀረሁ።

«ለምን ለኔ አልነገርሽኝም? የናትሽ ጎረቤት ልጅ አይደለሁ?»

 በተሰፋ አፏ፣ «አምና ነግሬዎት ነበር እኮ፣ እትዬ። ‹ምን ብለሽው ነው?› አሉኝ።»

አላስታውሰውም። ለሁሉም የምለው ስለሆነ ይሆን? እናቴም ትለዋለች፣ ቄሱም። እኔ በደግነት ነበር የምለው፣ እንዲታረቁ... ስንቷ ይሆን ይህን ሰምታ ቁስሏን በበቅሎ ያላከከችብኝ?

«አሁንስ? ልደውልለት?» አልኋት። ቁጥሩን በቃሏ ነገረችኝ። ስፌቱ የሚወጣው በሳምንቱ ነው፤ ያን ቀን ይምጣ አለች።

ኅዳር 21

ለኤሌኒ ነገርኋት። ሚካኤል ዕለት ዝናሽ ፈልጋሽ መጥታ ነበር፤ የለችም ብዬ መለስኋት፣ አልሁ። ፊቷ ጠቆረ። ምነው በሰደበችኝ። አልሰደበችኝም።

«ምን ብለሽ ነው የምታናግሪያቸው?» አልኋት በመጨረሻ።

«ብዙም አልናገር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እላታለሁ። ምን ላድርግልሽ እላታለሁ። ያልፈለገችውን አልገፋፋትም።»

ይኸው ነው? ይህን ለማለት ኩዌት መሄድ ያስፈልጋል?

ሳልጠይቃት ጨመረችልኝ። «እዚያ ሲመቱኝ ለኤጀንሲው ደወልሁ። ‹ምን አጥፍተሽ ነው?› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደውዬ አላውቅም።» አፈርሁ።

ለይርጋ ደወልን። በኋላው በር በመኪና ይመጣል። ማሩን ማን ይይዘዋል? «እርስዎ ነዎት እንጂ፣ የሀገሩ ሰው» አለችኝ። ዝናሽ ለሷ፣ ለኔ ባልየው... ይሁን።

ኅዳር 27

ማሩን ካርድ ክፍል አስቀመጥሁት። ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የደም ግፊቱን ሦስት ጊዜ ለካሁ። ክፉ ሰው አይመስልም፤ የሚገርመኝ ይኸ ነው። ስለ ድንች ዘር አጫወተኝ። የእናቴን ጤንነት ጠየቀኝ። አብረን ሳቅን። የኋላው በር ሲጥ ሲል ሰማሁ... እሱስ ሰምቶ ይሆን?

«ዘገየችሳ» አለ።

«የሴት ምርመራ ጊዜ ይወስዳል» አልሁና ለአራተኛ ጊዜ ክንዱን አሰርሁት። 

በኋላ ሲያውቅ ግቢውን አመሰው። «እኛ እኮ የኛ ሰው ብለን ነው ያመንዎት» አለኝ። ዘበኛው አስወጣው። ነገ እናቴ ዘንድ ሽማግሌ ይልካል፤ የታወቀ ነው። እናቴም «ምን አግብቶሽ?» ትለኛለች። ምን እንደምመልስላት ገና አላውቅም።

ዝናሽ መኪና ከመግባቷ በፊት ኤሌኒን አንገቷን አቅፋ አልቅሳለች አሉ። «ስለኔ ጠየቀች?» አልኋት ኤሌኒን።

«አልጠየቀችም።» መዋሸት አታውቅም፣ ይቺ ልጅ።

ቀናሁ። አሁንም። ዝናሽ ዛሬ የምታድረው ግን እብናት፣ ወንድሟ ቤት ነው።