ጤነኛ ነዎት ተብለው ውክልና ስለተከለከሉት አባቴ

ቡታጅራ፣ የካቲት 2003 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አዳነ፣
የውክልና መዝጋቢ ክፍል ኃላፊ

በቅድሚያ ከነባልደረቦችዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ቤት ጤና ከጠፋ ቢሰነብትም የእርስዎ እንዳይጓደል ዘወትር እንመኛለን፤ እርስዎ ከታመሙ ነገ ተመለሱ የሚለን ማን ይኖራል?

እኔ የበርበሬ ነጋዴው የሀጂ ሸረፋ የበኩር ልጅ ፈቲሀ ነኝ። ለአባቴ ያሳዩት ደግነት ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ይህን ደብዳቤ በይፋ ጽፌያለሁ።

አንደኛ፣ ባለፈው አረፋ ቤተሰቡ ከየአገሩ ተሰብስቦ ሳለ አባቴ፣ የነገው አይታወቅም ብለው፣ መጋዘናቸውንና ንግዳቸውን እንድመራላቸው በሽማግሌዎች ፊት እኔን መረጡ፤ ወንድሜ ኢስሀቅ እንኳ ሳያጉረመርም ተስማማ። በሳምንቱ ውክልናውን ሊሰጡ በእግራቸው ቢሮዎ ሲመጡ፣ እርስዎ፣ «ገና ምን ሆኑና ነው ሀጂ፣ አያሟርቱ እንጂ» ብለው፣ ሻይ ጋብዘው፣ ረጅም ዕድሜ መርቀው ሸኟቸው። ደግመው መጡ፤ ደግመው መረቋቸው። አባቴም ከመረቃቸው ሰው ጋር መከራከር ነውር ስለሚመስላቸው አሜን ብለው ተመለሱ። ስለ ምርቃቱ እናመሰግናለን፤ በመላው መስቃን እንደ እርስዎ አርዝሞ የሚመርቅ ሽማግሌ አላየንም።

ሁለተኛ፣ ብዙም ሳይቆይ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ምላሳቸውም ሲያዝ በቃሬዛ ተሸክመን አመጣናቸው። ያን ዕለት ግን ሕጉ ትዝ አለዎት፤ በገዛ አንደበታቸው ወክያለሁ ካላሉ አይሆንም አሉን። በአረፋው የነበሩት ሽማግሌዎች ቀርበው ቢመሰክሩም የእነሱ ቃል አይተካም ተባለ። ሕግ በማስከበርዎ ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሦስተኛ፣ ባለፈቃዱ ቀርበው የንግድ ፈቃዱን ስላላሳደሱ መጋዘኑ ታሽጎ በርበሬው ውስጡ እየሻገተ ነው። አባቴን አዲስ አበባ ወስጄ ለማሳከም በርበሬውን መሸጥ አለብኝ፤ ለመሸጥ ውክልና ያስፈልገኛል፤ እርስዎ፣ «ውክልና ከሌለሽ ፍርድ ቤት ሞግዚት ያድርግሽ» ብለው መከሩኝ፤ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ ሐኪም ማስረጃ አምጪ አለኝ፤ አዲስ አበባ ለመሄድ በርበሬውን መሸጥ አለብኝ። ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የመልካም አስተዳደር ማስታወቂያ ሥር ቆሜ መውጫ ብፈልግ አጣሁ። ጨንቆኛል፣ አቶ አዳነ። አባቴ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አይነቅሉም፤ ሊሉኝ የሚፈልጉትን እኔም ሰፈሩም እናውቀዋለን፤ አባቴ ግን እየደከሙ ነው።

አራተኛም ነበረኝ፤ የስብሰባ ሰዓትዎን እንዳልሻማ ትቼዋለሁ።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ማኅተምዎም ከሥራ ብዛት እንዳይደክም ከልብ እየተመኘሁ፣ በደጅዎ ቆሞ መዋልን የለመድኩ

አክባሪዎ
ፈቲሀ ሸረፋ

ማሳሰቢያ፦ የፊታችን ሰኞ እኔም ለእህቴ ለናጃህ ውክልና ልሰጥ እመጣለሁ። አልታመምኩም፤ መናገርም መፈረምም እችላለሁ። ስለ አላህ ብለው እንዳይመርቁኝ።