ከቅጠሉ ላይ ሥር ያወጣው ቁልቋልሽ

እታለም፣ የእኔ ኮስታራ እህት፣

ከሄድሽ ክረምቱ ወጥቶ ብርዱ ገባ። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ድሮም መልስ ትሰስቺብኝ ነበር።

እማ ከበሽተኞቹ ድንኳን ወጥታለች። አጥንቷ ብቻ ቢቀርም ቆማ ትሄዳለች። አንቺን ስንቀብር ራሷን ስታ ስለነበር አላየችም።

ገዳሪፍ በሰው ቤት ስትሠሪ ኸዋጃዋ፣ ፈረንጇ እመቤትሽ፣ ቆርሳ የሰጠችሽ፣ በገና ሰሞን ያብባል ያልሽን እሾህ የሌለው ቁልቋል እዚሁ ኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር በወተት ጣሳው አለ። ሰው በረሃብ በሚያልቅበት አበባ የምታጠጣ ሴት እያልኩ ስንቴ አበሸቅሁሽ! አንድ ቀንማ ቀይ የከረሜላ ወረቀት ቅጠሉ ላይ አስሬ አበበልሽ ብልሽ እየሮጥሽ መጣሽ። መጀመሪያ በኩርኩም አልሽኝ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ ሳቅሽ።

አሁን ጉድ አመጣልሽ። ከቅጠሎቹ መጋጠሚያ ነጫጭ ክር የመሰለ ነገር አየር ላይ አበቀለ። ጢም አወጣ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየሁ። ትል ነው፣ ጣለው ያሉኝም አሉ። ባለሱቁ ሐጂ ግን፣ ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ይኼ እኮ ሥር ነው፣ ጣሳው ጠቦት መሬት እየፈለገ ነው አሉኝ።

መሬት ሲሉኝ አንቺ መጣሽብኝ። እማ ለገና ልጄ ካለችበት ውሰደኝ ብላ ይዛኛለች። ምልክት ይሁናት ብዬ ሥር ያወጣውን ቆርጬ መቃብርሽ ላይ ልተክል ሄድኩ።

እታለም፣ መቃብርሽ ጠፋኝ። ራስጌሽ ያቆምነውን እንጨት ለማገዶ ወስደውታል፤ የሁሉንም ወስደዋል። ዝናቡ ጉብታውን ደልድሎታል፣ አዳዲሶችም ተጨምረዋል። ወዲህ ወዲያ ስል ውዬ፣ ትሆናለች ካልኩበት ተከልኩት። ከሥሩ ማን እንደተኛ እግዜር ይወቅ። በጆንያ ቁራጭ ጥላ ሠራሁለት፤ ፀሐዩ ግን አይምረውም።

ለገና እማን ይዤ እሄዳለሁ። እዚህ ናት እላታለሁ። ስንቱን አታልዬ ስቄያለሁ፤ እሷ ተደፍታ ያንን አፈር ስትስም እኔ ወዴት ልይ?

አልረሳሽም፣ እህቴ። ከእንግዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሁሉንም ጉብታ በተራ እሳለማለሁ፤ አንዱ አንቺ ነሽ።

ወንድምሽ