የአባትህ ጀልባ አይሸጥም

ልጄ፣ ያሰብከው ይሳካልህ፤ ክፉ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ከነማጉረምረሙ አለ። አክስትህ ጥርሷን አስነቅላ ሰሞኑን ዝም ብላለች፤ ቤቱ አረፈ።

«በዚህ ዕድሜሽ ሐይቅ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? ጀልባውን ሽጪው» ብለኸኛል። አልሸጥም። እንዲያውም የጀልባ ደህንነት ትምህርት ገብቻለሁ። አስተማሪው «እማማ፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ነው?» ሲለኝ «ራሴን» አልኩት።

ለካ በሞኝነት ነው የኖርነው። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አጣጥፎ ይቀመጥበት ነበር። አንተንም እላዩ ላይ እያስቀመጠ ነው ያሳደገህ። አሁን ጃኬት ያልለበሰ ጀልባዬ ላይ አይወጣም። አክስትህ «ያወፍረኛል» ብላ ዳር ላይ ቀረች፤ ትቅር። ፊሽካዬ አንገቴ ላይ፣ እሳት ማጥፊያው እጄ ሥር ነው።

አንድ ሕግ ግን ያላንተ አይሆንም። ሐይቅ የሚገባ ሰው ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ የብስ ላይ ለቀረ ሰው መንገር አለበት። «አክስቴ አለችልሽ» እንዳትለኝ፣ እሷ ትረሳለች። እኔ የመረጥኩት አንተን ነው። እሑድ እሑድ ስወጣም ስመለስም እደውላለሁ። እስከ ዛሬ ስደውል «ሥራ ላይ ነኝ» ትለኝ ነበር፤ ከእንግዲህ ሕግ ነው።

ፈጣሪ ባለህበት ይጠብቅህ። ስልኩን አንሳልኝ።

እናትህ