የሼህ ይመር ከንፈርና የጠጅ ሰፈፍ

ሰኞ፣ ሐምሌ 23

ቀልቶ አገኘሁት! የሼህ ይመር የታችኛው ከንፈር ከውስጥ በኩል ደም መስሏል። ካንሰሩ ያለው ከውጭ፣ ጨረር የምሰጣቸውም ከውጭ ነው። ድዳቸውን እንዲከልልላቸው ግን ከከንፈራቸው ጀርባ ስስ የእርሳስ ብረት ቁራጭ አስገባለሁ። የቀላው ልክ እርሳሱ የሚነካው ቦታ ነው። ለወጣቱ ዶክተር ነገርኩት፤ አብረን መጽሐፍ ገለጥን። ለካ እርሳሱ ድዱን ያድናል እንጂ፣ ጨረር ሲመታው መልሶ ከንፈሩ ላይ ይረጫል። መላው ቀላል ነው፤ እርሳሱን ሰም ማልበስ፤ ሰሙ የሚረጨውን ያስቀራል። «ከቆሰለ ግን ሕክምናውን እናቆማለን» አለኝ። ከቆመ ካንሰሩ ሊበላቸው ነው። ሼሁ ደግሞ መንዙመኛ ናቸው፤ አገራቸው ሐርቡ ላይ ያለ እሳቸው መውሊድ አይደምቅም ይባላል። ያለ ከንፈር ምን መንዙማ አለ!

ማክሰኞ

ዝናቡ አላባራም። ከሥራ ስወጣ ከአንዲት የሰፈራችን ሴትዮ ሰም ገዛሁ፣ አቅልጬ እርሳሱን ነከርኩት። ልሙጥ፣ ቆንጆ ሆነ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰሙን ሳስብ ምን እንደተባለ አልሰማሁም። እጄን ግን ከሰው ጋር አወጣሁ።

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ። እርሳሱን ወደ አፋቸው ሳስጠጋ ሼሁ ፊታቸውን አዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ የጠጅ ሰፈፍ ነው! ያውም በረመዳን!»

ሰሙን የሸጠችልኝ ሴትዮ ለካ ጠጅ ጣይ ናት፤ ከጠጇ ላይ የገፈፈችው ኖሯል። እኔ የጴንጤ ልጅ፣ ጠጅ ባፌ ዞሮ አያውቅ፣ ሽታውን በምን ልለየው? ፊቴ ጋለ። «እርስዎስ በምን ለዩት?» አልኳቸው፤ ካፌ አመለጠኝ። ሳቁ። «ጎረቤቶቼ ክርስቲያን አይደሉ? ስንቱን ሰርግ አጅቤያለሁ!»

«በሽተኛ ነዎት፣ ጾሙ ቢቀርስ?» አልኩ። «ጾሜን ተይልኝ፤ ሰሙን እኔ አስመጣለሁ» ብለው እዚሁ ደሴ ወዳለው ልጃቸው ቤት ሄዱ። የዕለቱ ጨረር ሳይሰጥ ቀረ። ግትር ሽማግሌ! እወዳቸዋለሁ።

ዓርብ

ሰሙ ከወንድማቸው ቀፎ መጣ። ንጹሕ ነው፣ ግን ማር ማር ይላል። ጾመኛ አፍ ውስጥ እንዴት ይገባል? ቀቀልኩ፣ ውሃውን ለወጥኩ፣ ደግሜ ቀቀልኩ። ቀማሿ እኔ። ዶክተሩ ሰም ሳኝክ ደርሶ «ምሳ አልበላሽም እንዴ?» አለኝ። በመጨረሻ ጣዕሙ ጠፋ። ሼሁ ቢስሚላሂ ብለው አፋቸውን ከፈቱ፣ በምላሳቸው ነካ አደረጉት። «አብሽሪ፣ ምንም አይል።» ጨረሩን ሰጠኋቸው። ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እሑድ

ቀበሌው ጸሎት ቤታችንን ካሸገው ወዲህ የምናመልከው በየቤቱ ነው። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ዘመርን። ስለ አንድ የሐርቡ ሼህ ከንፈር ጸልዩልኝ አልኩ። ማንም አልገረመውም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 1

ዶክተሩ ከንፈራቸውን ገልብጦ በባትሪ አየ። ከዚያ «ቁስል የለም፤ ቅላቱም ጠቧል። እንቀጥላለን» አለ። እንባዬ መጣ። ካንሰሩ ይሂድ አይሂድ ገና አናውቅም።

ሼሁ «አልሐምዱሊላህ» አሉና እዚያው ወንበሩ ላይ መንዙማ ጀመሩ። ሰሞኑን የነቢዩን ስም ሲጠሩ እያመማቸው ከንፈሮቻቸውን በደንብ አይገጥሙም ነበር። ዛሬ ግን «ሙሐመድ» ሲሉ ሁለቱ ከንፈሮች ገጠሙ። ድምፃቸው ኮሪደሩን ሞላው። በሩን ልዘጋ ተነሣሁና ተውኩት።