ገጸ ሰብ የማን ፊት ነው?

ጥቅምት 24፣ ጧት
ባሌ መርሻ ዛሬም ቁርሱን ሳይጨርስ ወደ ቤ/ክ ሮጠ። የመቅደሱን ሥዕል ለኅዳር 8 ማድረስ አለበት፤ የአውራጃ ገዥውም ይመጣሉ። መንበሩን የሚሸከሙትን አርባዕቱ እንስሳ ነው የሚሥለው። ለመጽሔቱ ዓምዴ ብዬ መሪጌታን ጠየቅኩ። ገጸ አንበሳ ስለ አራዊት ይለምናል አሉኝ፣ ገጸ ንስር ስለ ወፎች፣ ገጸ ላህም፣ በሬው ማለት ነው፣ ስለ ከብት። ገጸ ሰብ ስለ እኛ። ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ግን ደብተርዬ፣ ሌላም ሰማሁ። ለገጸ ሰብ፣ ፊቷን እያየ እንዲሥል፣ የምትቀመጥለት አለች አሉ። ወ/ት አስቴር፣ የፖስታ ቤቷ። በምሳ ሰዓት!

ጥቅምት 26
ጠየቅኩት። አልካደም። ብሩሹን እያጠበ፣ ጥሩ ትቀመጣለች፣ አትነቃነቅም፣ አታወራም አለ። አታወራም! ስድስት ዓመት ባሌ ሆኖ አንድ ቀን ተቀመጪልኝ ብሎኝ አያውቅም። ወጡ አረረ። አላወረድኩትም።

ጥቅምት 30፣ 8 ሰዓት
ፖ/ቤት ሄድኩ፣ ቴምብር ልገዛ። ቴምብር ሞልቶኛል። አንገቷ ረጅም ነው፣ አልክድም። «እትዬ፣ ዓምድዎ አንድም አያመልጠኝም» አትልም! በጥንት ግሪኮች ተረት አምላካቸው ኮርማ መስሎ ልጃገረድ ይዞ ይሄዳል። እኔ ዘንድ ልጃገረዲቱ ናት ገጸ ሰብ መስላ ባሌን ይዛ የምትሄደው።

ኅዳር 6
ዓምዱን ጻፍኩት። ስም የለበትም። በአንዲት የወለጋ ከተማ ቴምብር የምትሸጥ፣ በምሳ ሰዓት ለሰው ባል የምትቀመጥ፣ አንገተ ረጅም። ነቀምት ውስጥ የማያውቃት አይኖርም። ሥራዋንም ታጣ ይሆናል። ትጣ። አሽጌ በራሷ እጅ ሰጠኋት። ቴምብሩን አርጥባ ለጠፈች፣ ማኅተሙን መታች፣ ፈገግ አለችልኝ። የአዲስ አበባው ፖስታ መኪና ኅዳር 9 ጧት 3 ሰዓት ይነሣል።

ኅዳር 8፣ 9 ሰዓት
መጋረጃው ተነሣ። ገጸ ሰብ ቁርጥ አስቴር። በአንድ ዓይን የሚሣሉት ኃጥአን ናቸው፤ ያንን ነበር የምመኝላት። ሁለቱንም ሰጥቷታል። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ጎረቤቴ አዴ ጫልቱ በክርኗ ጎሸመችኝ፦ «ኢጃ ኬ! ዓይንሽ! በሬውን እይው እንጂ!»

አየሁ። በሬው በእኔ ዓይን ያየኛል። ወደ ታች ዘመም ያለው የግራ ሽፋሌ፣ ከሥሩ ያለችው ጥቁር ነጥብ እንኳ አልቀረችም። ገዥው ሳይቀሩ ሳቁ።

መርሻን ደጀ ሰላሙ ላይ ያዝኩት። በሬ አደረግኸኝ! ግራ ገባው። «የእሷን እያየኋት ሦስት ጊዜ ፋቅኩት» አለ። «ያንቺ ሳላይሽ ወጣ። እጄ ሌላ ዓይን አያውቅም።» ቀለሙን ሊሰበስብ ሄደ። ሰውዬው እንዲህ ነው።

ሙገሳ ነው ስድብ?

11 ሰዓት
አዴ ጫልቱ ባጥር በኩል እምቧ ትለኛለች። ሳቄ መጣ። ሳቁ ሳያልቅ ፖስታው ትዝ አለኝ። ሊመልስልኝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው፣ አስቴር። ለምን ትለኛለች። ሁለት ውሸት አዘጋጀሁ። ሁለቱም ደስ አላሉኝም።

ፖ/ቤቱ ነገ 2 ሰዓት ይከፈታል። አንድ ተኩል ላይ በሩ ላይ ነኝ። ለምን ካለችኝ እውነቱን እነግራታለሁ። ካልጠየቀችኝም፣ አታወራም ተብሎ የለ፣ እነግራታለሁ።