እየተሻለው ነበር

ጎንደር፣ ሰኔ ፯ ቀን ፲፱፻፵፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለአያ ፋንታሁን ወልደኢየሱስ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቅህ ለወጉ አይደለም።

በጃፓን ሆስፒታል ያስታመመችህ ነርስ በጥር የጻፈችው ደብዳቤ ግንቦት ሃያ ቀን ደረሰን። ኮሪያ ላይ ደረትህንና ቀኝ እጅህን መቁሰልህን የሰማነው ያን ዕለት ነው። እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩ እማማና አባባ ፊት ቆሜ አነበብኩ። መጨረሻው ላይ፣ ለፈቃድ ወደ አገሯ ስትነሣ «እየተሻለው ነበር» ትላለች። እማማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። አፌ «ተሻለው» አለ።

እማማ እልል ብላ መሬት ሳመች። በማግስቱ ለቁስቋም የተሳለችውን ጃንጥላ ገዝታ መጣች። ለሰኔ ማርያም ታስገባዋለች፤ ምን ብዬ ላስቁማት?

እኔ ግን ደብዳቤውን ደብተሬ ውስጥ ሸሽጌ ለሕንዳዊው መምህራችን አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ተሻለው» ብላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ አልቋል፣ ድኗል ማለት ነው አሉኝ። «እየተሻለው ነበር» ግን ገና በመዳን መንገድ ላይ ሳለህ ነው የሚያሳይህ፤ ከዚያ ወዲያ ስለሆነው አይናገርም።

«ከሄደች ወዲህ ስላላየችው ይሆናል» አሉና ደብዳቤውን መለሱልኝ። ፊቴን ግን አላዩም።

አባባ እንደምታውቀው የግእዝ ሰዋስው ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። ትናንት እማማ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠሩኝ።

«ሐረገወይን፣ ሴትየዋ የጻፈችው ‹ተሻለው› ብላ ነው ወይስ ‹እየተሻለው ነበር› ብላ?»

«‹ተሻለው› ብላ ነው፣ አባባ» አልኳቸው።

«ሸጋ» አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ፤ ገጹን ግን ሳይገለብጡት እማማ ተመለሰች።

አያ፣ ዋሽቻለሁ። አንተ ካልሆንክ ውሸቴን እውነት የሚያደርግልኝ የለም። እጅህ እንቢ ቢልህ በሰውም አስጽፈህ አንዲት ቃል ላክልኝ፤ «ተሻለኝ» በል፣ ሌላ አልፈልግም።

አሁን ይህን ስጽፍ አባባ አጠገቤ ተቀምጠዋል። እማማ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፖስታው ላይ ከስሙ በታች የሴትየዋንም ስም ጻፊበት» አሉኝ። ደብዳቤው አንተን ባያገኝህ ነርሷ እንድትከፍተው መሆኑ ገባኝ። ጻፍኩት።

የቁስቋሟ እመቤት ባለህበት ትጠብቅህ።

እህትህ፣
ሐረገወይን ወልደኢየሱስ