«ምንም የለንም» ስንል ላመነን ማዕከል

ለተከበሩ የጎብኚዎች ጉዞና አቅርቦት ማቀናጃ ማዕከል ዋና አስተባባሪ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎና የመላው ቤተሰብዎ ጤንነት እንደምን ነው? ኮምፒውተሮችዎስ ደኅና ናቸው? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይጠናብዎ፣ መብራትም ድንገት ጠፍቶ የጀመሩትን ስሌት መሃል ላይ እንዳያስቀርብዎ ዘወትር እንመኝልዎታለን። እኛ በአንኮበር መንገድ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ እንግዳ እየተቀበልን የምንኖር ጎረቤታሞች፣ የጎብኚውን ጉዞና ምሳ የሚያሰላው የኮምፒውተር ሞዴልዎ ከደረሰልን ወዲህ ከመኖራችን በቀር ሌላ ችግር የለብንም።

ስሜ አልታየች ይባላል። ከደብረ ብርሃን የሚመጡ የጎብኚ መኪኖች ቁልቁል ቆላውን ለማየት በሚቆሙበት ቦታ እንግዳ የማበላ፣ የመሸበትንም የማሳድር ሴት ነኝ። ቤቱን የከፈትኩት ከልጄ ከመቅደስ ጋር ነው። መቅደስ ቤይሩት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ሁለተኛ እንዳትሄድብኝ እግሯ ላይ ወድቄ ለምኛት፣ «እሺ እማ፣ እንግዳው እስካለ እኔም አለሁ» ብላ የተቀመጠችልኝ ልጅ ናት። ይህን ከመጀመሪያው የምነግርዎ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እሷ ላይ ስለሆነ ነው።

ባለፈው ወር በጠሩን ወርክሾፕ ላይ የእኛ መቆሚያ ከጉብኝት መስመሩ ሊሰረዝ የታጨ መሆኑን በግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም አሳይተው፣ ውሳኔው አዲሱ የበጀት ዓመት ሲጀመር እንደሚጸድቅ ሲያበስሩን፣ ማመስገኛ ቃል አጥተን ወጣን። አሁን ቃሉን ስላገኘሁት፣ ቁጥር እንደሚወዱም ስለማውቅ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በመጀመሪያ ስላመኑን እናመሰግናለን። ባለሙያዎ አቶ ነቢዩ ታብሌታቸውን ይዘው ከቤት ቤት ሲዞሩ፣ ለጎብኚ የምናቀርበው ምን እንዳለን በትሕትና ጠየቁን። እንደሚያውቁት በእኛ አገር ይህ አለኝ ያ አለኝ ብሎ መዘርዘር ጉራ ነው፤ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ይናቃል፣ ቤቱም እንግዳ ሲገባበት ባዶ ነው ይባላል። እኔም እንደ ወጉ «ኧረ ምን አለን ብለህ ነው ልጄ፣ ባዶ ቤት ነው የገባኸው» አልኳቸው። ይህን ስል ትኩስ የገብስ ዳቦ እየቆረስኩ፣ አይብና ጎመን እያቀረብኩ፣ «በሞቴ» እያልኩ ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ አመተ ማርያምም «እንዲያው ለአፍ ያህል ካልሆነ ምንም የለንም» እያለች በጓዳዋ ያለውን ሁሉ ፊታቸው ደረደረች። አቶ ነቢዩ በየቤቱ በሉ፤ መጨረሻ የገቡበት ቤት ቀበቷቸውን አላልተው ነው የተቀመጡት። በየቤቱም ዜሮ ሞሉ።

በእሳቸው አልፈርድም። የእሳቸውም እናት እንግዳ ሲመጣባት እንዲሁ እንደምትል እርግጠኛ ነኝ። ታብሌቱ ግን ቁጥር የሚሞላበት እንጂ ወግ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ወርክሾፑ ላይ ቅር ብሎን ስናጉረመርም፣ እርስዎ ራስዎ ማይክሮፎኑን ተቀብለው መረጃው ከራሳችን አፍ የተወሰደ መሆኑን አስረዱን። እውነት ነው፣ ከአፋችን ነው የወጣው። እስከ ዛሬ የመጣ እንግዳ ሁሉ ይህን ቃላችንን እየሰማ፣ እየሳቀ ወደ ገበታው ይቀርብ ነበር፤ ቃል በቃል ያመነን የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የእርስዎ ነው።

፪ኛ. ምንም የሌለን መሆናችን በቁጥር ከተረጋገጠ በኋላ ጎብኚው እንዳይራብ ስላደረጉት ጥንቃቄ እናመሰግናለን። የአቅርቦት ሰንሰለት ያሉት ነገር በዓይናችን ታይቶናል፤ ምሳው ደብረ ብርሃን በወረቀት ሳጥን ይታሸጋል፣ መኪና ይሳፈራል፣ ዳገቱን ይወጣል፣ ከእኔ ምድጃ ፊት ለፊት ቆሞ ቀዝቅዞ ይበላል። የኛው ድንች ከጓሯችን፣ የመዘዞው በግ ከገበያው ሳይነቃነቅ መቅረቱ ለትራንስፖርት ቁጠባ ጥሩ እንደሆነ ገብቶናል። ሞዴሉ «አማካይ ጎብኚ» የሚለው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሥጋና እንቁላል የሚበላ በመሆኑም ረቡዕና ዓርብ የሚመጣው ሳጥን ከሌላው ቀን አይለይም። ስለዚህ በጾም ቀን ሾፌሮቹና አስጎብኚዎቹ ሳጥናቸውን እንደታሸገ ትተው በጓሮ በር ወደ እኔ ይገባሉ። ጎብኚዎቹ መኪና ውስጥ ቀዝቃዛ ዳቦ ይዘው ሲንቀጠቀጡ፣ ሾፌሮቹ እሳት ዳር ተቀምጠው ሽሮ ይበላሉ። ሾፌር ጎብኚ ስላልሆነ ይህ በየትኛው ረድፍ እንደሚመዘገብ አላውቅም፤ ዜሮውን የሚያበላሽ ከሆነ ግን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ. ስለ ሰዓቱ። ምግብ በሳጥን ከመጣ፣ እኛ ጋም ምንም ከሌለ፣ ጎብኚው እዚህ ምን ይጠብቃል? ይህን ጥያቄ ሞዴሉ ራሱ ጠይቆ ራሱ መልሶታል። ቀድሞ ሰዎች እኛ ጋ የሚቆዩትን ረጅም ሰዓት «ያለ አገልግሎት የሚባክን ጊዜ» ብሎ ከስሶ ወደ አርባ ደቂቃ አወረደው። አሁን መኪኖቹ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ፣ አራት ሳይሆን ይሄዳሉ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎ። አንኮበር ጠዋት ጉም ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ አፋፉን ይሞላል፤ እጅዎን ዘርግተው ጣትዎን የማያዩበት ቀን አለ። የሚገለጠው ፀሐይ ሲበረታ፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ይህ የማንም ልዩ ዕውቀት አይደለም፤ የአቶ ነቢዩም ጃኬት በጉም ርሶ እኔው ምድጃ ላይ ነው የደረቀው። ድሮ እንግዳ ሦስት ሰዓት ሲደርስ ነጭ ነገር ብቻ አይቶ ይከፋዋል፣ እኛም ቤት አስገብተን እናሞቀዋለን፣ ይበላል፣ ባናውን፣ የሱፍ ብርድ ልብሳችንን፣ አገላብጦ ያያል፣ ከአመተ ማርያም ጋር በዋጋ ይከራከራል፣ «ዛሬ አይገለጥም» የሚሉና «ይገለጣል» የሚሉ ሁለት ወገን ሆነው ይወራረዳሉ። ከዚያ አንድ ሰው ከውጭ ይጠራል። ሁሉም ሳህኑን ጥሎ ይወጣል፤ ገደሉ ተከፍቶ፣ እስከ አፋር ሜዳ ድረስ አገሩ ሁሉ ከእግራቸው ሥር ተዘርግቶ ያገኙታል። ያ ባከነ የተባለው ጊዜ ጉብኝቱ ነበር፤ ገበያችንም እሱ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት በአርባ ደቂቃዋ ማብቂያ ላይ መቅደስን አስጠግታ፣ የሚታየው ቦታ የት እንደሆነ ጠየቀቻት። መቅደስ ወደ ነጩ ጉም እየጠቆመች «ፊት ለፊትሽ ነው» አለቻት። ልጅቷ የተቀለደባት መስሏት ተቆጥታ መኪና ገባች።

፬ኛ. ስለ እርካታ መለኪያው። ጎብኚዎቹ ሲመለሱ በስልካቸው ኮከብ እንዲሞሉ ይደረጋል፤ ምንም ላላየ ሰው ደግሞ አንድ ኮከብም ቸርነት ነው። በዚህም የእኛ መቆሚያ ከመስመሩ ሁሉ መጨረሻ ወጣ፤ ሞዴሉም ቦታው «የመስሕብ አቅም የለውም» ብሎ እንዲሰረዝ መከረ። ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ውበቱ ይገርመኛል። ምንም የላቸውም ተባለ፤ ስለዚህ ቆይታው አጠረ፤ ስላጠረ ጉሙ አልተገለጠም፤ ስላልተገለጠ ሰዉ አልረካም፤ ስላልረካ ምንም የላቸውም የተባለው ትክክል ሆነ። ወርክሾፑ ላይ ይህን የትንበያው ትክክለኛነት ማረጋገጫ አድርገው ሲያቀርቡት፣ ከፊት የተቀመጡት ሁሉ አጨበጨቡ። እኛም ሰው ሲያጨበጭብ ዝም ማለት ነውር ስለሆነብን አጨበጨብን።

እርግጥ ነው፣ እንግዳ የቀነሰው በሞዴሉ ብቻ አይደለም። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሟል፤ መኪና ሳይመጣ ሳምንታት ያለፉበትን ጊዜ እናውቀዋለን። ያን ጊዜ ግን ሰላም ሲሆን ይመጣሉ ብለን እንጠብቅ ነበር። አሁን መጥተውም አልመጡም፤ በር ላይ ቆመው ሲሄዱ ማየት ጭራሽ ካለመምጣታቸው የባሰ ሆኖብኛል።

፭ኛ. ይህን ለማመስገን ሞክሬ አቅቶኛል፣ ስለዚህ እንዲሁ እነግርዎታለሁ። ከወርክሾፑ በተመለስን በማግስቱ መቅደስ የድሮ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ አቧራውን ስትጠርግ አገኘኋት። እንግዳው እስካለ አለሁ ብላኝ ነበር፤ ቃሏን ጠብቃለች፣ እንግዳው ነው የሌለው። ቤይሩት ምን እንደደረሰባት እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ እኔም ፈርቼ አልጠየቅኋት። በእንቅልፏ ግን ደጋግማ የምትለው የዐረብኛ ቃል አለ፤ አንድ ቀን ትርጉሙን ብጠይቃት «እሺ እመቤቴ ማለት ነው» አለችኝ። እኔ ያችን ልጅ ሁለተኛ ለመሸኘት አቅም የለኝም። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ለዚህ የሚሆን መለኪያ ካለዎት ይሙሉበት።

ልጄ ከዚያ አገር አንድ ነገር ተምራ መጥታለች፤ ያላትን አለኝ ትላለች። የሚቀጥር ሰው ምን ትችያለሽ ሲል አንገቱን ደፍቶ «ምንም» የሚል እንደማይቀጠር ገብቷታል። አቶ ነቢዩ የመጡ ቀን ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ተመልሳ ያልኩትን ስትሰማ «እማ፣ ለምን እንዲህ ትያለሽ? አልጋው ስንት ነው፣ ዳቦው ስንት ነው፣ ባናው ስንት ነው፣ አትነግሪውም?» ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ግን እንግዳ እንጀራ እየበላ ያለኝን ልቆጥርበት? ብዬ ዝም አሰኘኋት።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሞዴልዎን ይጣሉት አልልም፤ ያለ ቁጥር እንድንኖር ዘመኑ እንደማይፈቅድ አውቃለሁ። ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት ግን አንድ ቀን ሳጥን ሳይዙ ይምጡ። ጠዋት ይድረሱ፣ ቤት ይግቡ፣ ይሙቁ፣ ይብሉ፣ ጉሙ እስኪገለጥም ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ የሚሞሉትን ቁጥር ሳልከራከር እቀበላለሁ። መኪኖቹ እንደ ድሮው እስከ ስድስት ሰዓት እንዲቆዩ ካዘዙ፣ እኔም ሻንጣውን ወደ አልጋው ሥር የምመልስበት ምክንያት አገኛለሁ።

ለተደረገልን ሁሉ እጅ እየነሣሁ፣ ሞዴልዎ ዕድሜው እንዲረዝም፣ የእርስዎም ምሳ ሁልጊዜ ትኩስ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በሰንጠረዥዎ ላይ ለሰጡኝ ባዶና ንጹሕ ቦታ ዘላለም የውለታዎ ባለዕዳ ሆኜ እቀራለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አልታየች፣ ከገደሉ አፋፍ

ግልባጭ፦ ለአማካዩ ጎብኚ፣ ባለበት

በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ፣ ቅጂውንም ለጋዜጣ ልልክ ስል አቶ ነቢዩ መጡ። ቅሬታችን ከወርክሾፑ በኋላ ስለተሰማ መረጃውን አንድ ጊዜ ደግመው እንዲያጣሩ መታዘዛቸውን ነገሩኝ፣ ደስ አለኝ፣ ቤት አስገባኋቸው። ድንች በሚጥሚጣ በሉ፣ ትኩስ ዳቦ በሉ፣ ከዚያ ታብሌታቸውን አውጥተው ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ አልጋውንም ዳቦውንም ባናውንም ልቆጥርላቸው። ሳህናቸው ላይ እየጨመርኩ ሳለሁ ከአፌ የወጣው ግን «ኧረ ምን አለን ብለህ ነው ልጄ» ሆነ። እሳቸውም ሞሉት። በዚህ ቤት ያለውን አለ ብላ መናገር የምትችል አንድ ሰው ነበረች፤ እሷ በዚያው ጠዋት ፓስፖርቷን ልታሳድስ አዲስ አበባ ሄዳለች። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የመጀመሪያው ዜሮ ስሕተት ነበር፤ የአሁኑን ግን እንዳያርሙት።